ከእግራችን ስር የነበረው የድንጋይ ሙዚቃ

ባለፈው ሰሞን ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣት ሄጄ የሙዚቃ ክፍሉ በር ላይ ስጠብቅ፣ አስተማሪው አንድ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር አበራ። ድምፁ ሳይመጣ ሽታው ቀደመ። ለብዙ ጊዜ ሳይነካ የከረመ አቧራ ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ትንሽ የተለበለበ ፀጉር፣ ትንሽ የረጠበ ምንጣፍ ይሸታል። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ወደ እኔ ሮጠች። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ደጋግሜ ማግሁት። በአሥር ዓመቴ፣ እንግሊዝ አገር፣ ሆሎዌይ በነበረው ቤታችን፣ በማሞቂያው ቧንቧ ዙሪያ ባለው ክፍተት ሾልኮ ወደ ሳሎናችን ይገባ የነበረው ሽታ ይኸው ነበር።

የምንኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የካውንስል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እናቴ፣ እኔና እትዬ አስካለ። ከእኛ በታች ሰው አይኖርም፤ የነዋሪዎቹ አዳራሽ ነው። ልደት ይከበርበታል፣ ስብሰባ ይደረግበታል፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሐጂ ኑሩ ለልጆች ቁርዓን ያስተምሩበታል። ሐጂ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው። መንገዱ ዳር ጤፍና በርበሬ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ የአዳራሹ ቁልፍም ከእሳቸው ኪስ አይወጣም።

እትዬ አስካለ የእናቴ አክስት ናቸው። ከጎንደር ከመጡ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ከእንግሊዝኛ የሚያውቁት «ሶሪ» እና «ኖ» ብቻ ሲሆን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቁጣ ነው የሚሏቸው። እናቴ አርችዌይ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የከሰዓት ሺፍት ስትገባ ከእትዬ ጋር የምቆየው እኔ ነኝ። ሐኪም ቤት አብሬያቸው እሄዳለሁ፣ ስልክ አነሳላቸዋለሁ፣ የካውንስሉን ሰዎች አነጋግርላቸዋለሁ። ስለዚህ ያ ነገር በመጣ ጊዜ ሙግቱ ሁሉ በእኔ አፍ አለፈ።

መስከረም ላይ ነው የመጣው። ማክሰኞ ቀን፣ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ዳቦ በሻይ እየበላሁ ሳለ ወለላችን አጓራ። መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንኳኩ። እትዬ አስካለ አማተቡና የበሩን መቃን ያዙ።

«የመሬት መንቀጥቀጥ ነው! ጠረጴዛው ስር ግቢ!»

«አይደለም እትዬ፣ ሙዚቃ ነው።»

«ይኼ? ሂጂና እይ እስቲ።»

ወርጄ በበሩ መስታወት አየሁ። ሽበቷን እንደ ወንድ ያሳጠረች፣ ትልልቅ ቦት ጫማ ያደረገች ሴት ቀይ ጊታር ታቅፋ ትዘፍናለች። አጠገቧ ሳም የሚሉት ረጅም ሰውዬ ባስ ጊታር ይመታል። ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሴት ድራሙን ትወግረዋለች። ለሐጂ ኑሩ ጥያቄ አቅርቤ መልሱን ይዤ ተመለስኩ።

«የጁዊሽ ሮክ ነው አሉ። ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ ያደርጋሉ።»

«ጁዊሽ?»

«አይሁድ።»

«ሮክስ?»

አሰብኩ። ትምህርት ቤት ሮክ የተማርነው በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። «ድንጋይ» አልኳቸው።

«የአይሁድ የድንጋይ ሙዚቃ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው። «እውነታቸውን ነው። አናቴ ላይ እየወረደብኝ ነው።»

ማታ እናቴ ስትገባ ነገሩን ሁሉ ነገርናት። የዘፋኟ ስም ጁዲት መሆኑን ስነግራት፣ እናቴ ጫማዋን እያወለቀች፣ ያለ ሐሳብ፣ «በእኛ ዮዲት ማለት ነው» አለች።

እትዬ አስካለ የያዙትን ማንኪያ አስቀመጡ። «ዮዲት ጉዲት!»

ያን ምሽት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተረኩልኝ። ዮዲት የምትባል አይሁዳዊት ንግሥት ነበረች፤ በእሳት መጣች፤ የአክሱምን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠለች፤ ነገሥታቱን ፈጀች፤ ለብዙ ዘመን ነገሠች። እትዬ የተረኩት ተረት አድርገው ነው። እኔ የሰማሁት ግን ስለ ታችኛዋ ጎረቤታችን ነበር። ዕድሜዋ አላስጨነቀኝም። ለእኔ ያኔ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሁሉ አክሱም ሲሠራ የነበረ ነው።

ማስረጃም ነበረኝ። ጁዲት የምትኖረው በግቢው ማዶ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቷ ከእኔ መኝታ ክፍል ፊት ለፊት ይታያል። ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለት ሻማ ታበራለች። ከዚያ በሁለት እጇ ዓይኗን ትሸፍናለች። የሠራችውን ማየት አፍራ ነው ብዬ ነበር የማስበው። መብራቱን አጥፍቼ ሻማዎቹ አልቀው እስኪጠፉ እጠብቃለሁ፤ እኔ ካልጠበቅሁ ሕንፃውን ማን ይጠብቃል?

ግራ የሚያጋባኝ ግን ዘፈኗ ነበር። እየደጋገሙ የሚጫወቱት አንድ ዘፈን አለ፤ ቀስ ብሎ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። በወለሉ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ቃሉ ተቆራርጦ ነው የሚሰማው፤ ግን «ልብ» የሚል ይመስላል፣ «ቤት» የሚልም ይመስላል። ወለሉ ላይ ተኝቼ ጆሮዬን ምንጣፉ ላይ እለጥፋለሁ። ሴትዮዋ አማርኛ ትችል ነበር፣ ከአክሱም ከወጣች ብዙ ዘመን ስለሆናት ረሳችው ብዬ ደመደምኩ። የእኔም የአጎት ልጆች ባተርሲ ከገቡ ጀምሮ አማርኛቸው እንደዚያ ሆኗል።

እትዬ አስካለ በበኩላቸው ጦርነት አወጁ። በየሳምንቱ፣ ከእኔ በለመዱት ሦስተኛ የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ነይ፣ ኮምፕሌይን እናድርግ» ብለው እጄን ይዘው ለአቤቱታ የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ፓትሪሺያ ቤት ይወስዱኛል። ፓትሪሺያ ሻይ ታቀርብልናለች፤ «ገባኝ፣ ገባኝ» ትላለች፤ ምንም አይለወጥም። ስለዚህ እትዬ የመጥረጊያውን እንጨት አነሱ። ሙዚቃው ሲጀምር ሳሎኑ መሐል ይቆሙና ወለሉን ይደበድባሉ። መጀመሪያ ላይ እንደመጣላቸው ነበር። እየቆየ ግን ድብደባው ቅጥ ያዘ። በተለይ በዚያ ዘፈን ላይ፣ ድራሙ ሲፈጥንባቸው የእትዬ እንጨት አይፈጥንም፤ በያዘው ይቀጥላል። የታችኞቹም ወደ እንጨቱ ምት ተመልሰው ይመጣሉ። እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። እትዬም ያወቁ አይመስለኝም።

ኅዳር ሲያልቅ፣ የነቢያት ጾም በገባ በሳምንቱ፣ አንድ ሐሙስ በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩ። ዮዲት ናት፤ በፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች።

«እናትሽ አለች?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ሥራ ናት። አክስቴ አሉ።»

እትዬ አስካለ ከኋላዬ መጡ። እንጨቱ በእጃቸው ነው።

ጁዲት እንጨቱን አየችው፤ ፊቷ በራ። «እርስዎ ነዎት? እኛ እኮ የላይኛው ከበሮ መቺ ማን ይሆን እያልን ስንወራረድ ነበር። ላመሰግንዎት ነው የመጣሁት። በዚያ ዘፈን ሁልጊዜ እየፈጠንን እንበላሽ ነበር። እርስዎ ነዎት ምቱን የያዙልን።»

ተረጎምኩላቸው። እትዬ አስካለ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ።

«እኔ? ዝም በሉ ብዬ ነው እንጂ የደበደብኩት! ንገሪያት!»

ነገርኳት። ደብቄም አላለዘብኩትም፤ ትርጉም ላይ መዋሸት ኃጢአት ነው ብለው ያሳደጉኝ ራሳቸው ናቸው። ጁዲት አፏን ከፍታ ቆየችና መሳቅ ጀመረች። ሳቋ አላቆም ብሏት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሳህኑ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣል። እትዬ አስካለ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን እንደዚያ ተጣጥፎ የሚስቅን ሰው መቆጣት አይቻልም። ጥርሳቸውን ነክሰው ቆሙ። ከዚያ አፍንጫቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሳህኑ ላይ የነበረው የማር ኬክ ነው።

«ወተትና እንቁላል አለው ወይ በያት።»

«አለው ትላለች።»

«ጾም ነው በያት። እስከ ገና አንበላም።»

ጁዲት ይቅርታ ጠየቀች። እኛም የማንበላው ነገር ብዙ ነው አለች፤ ለምሳሌ የአሳማ ሥጋ። ይኼን ስተረጉም እትዬ አስካለ በሩን የያዘውን እጃቸውን ለቀቁት።

«አሳማ አይበሉም?»

«አይበሉም።»

«እዚህ አገር አሳማ የማይበላ ሰው አለ? ሐጂ ኑሩና እኛ ብቻ መስሎኝ።» በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ። «ግቢ በያት። ብርድ ነው።»

ማክሰኞ ደግሞ ያለ እንቁላል፣ ተፈቅፍቆ በዘይት የተጠበሰ ድንች ይዛ መጣች። ያን ዕለት እኔም መቻል አቃተኝ። የልቤን ጠየቅኋት።

«አክሱምን ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ?»

«አክሱም የት ነው?» አለች ጁዲት።

እትዬ አስካለ የአክሱምን ስም ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አልሻት? ምን አልሻት አንቺ ልጅ?» ነገሩ ሲገባቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ጁዲት ግን ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድነግራት ለመነችኝ። ጉንጯን በእጇ ደግፋ ሰማችና፣ «በሕይወቴ ያቃጠልኩት የጊታር አምፕሊፋየር ብቻ ነው» አለች።

«ታዲያ ለምንድን ነው አማርኛ አበላሽተሽ የምትዘፍኝው?»

ይኼኛው አልገባትም። ስለዚህ አዝማቹን ቀስ ብላ፣ ያለ ጊታር፣ የእኛ ሶፋ ላይ ተቀምጣ አለችልን። ዘፈኑን የደረሰችው ራሷ ናት፤ በዕብራይስጥ ነው። «ሌቭ ፓቱአኽ፣ ባይት ፓቱአኽ» ይላል። ክፍት ልብ፣ ክፍት ቤት ማለት ነው አለችን።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱ። አባታቸው ማለዳ ማለዳ ዳዊት የሚደግሙ ሰው ነበሩ፤ ግዕዙ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ አለ። «ድገሚው በያት» አሉኝ። ደገመችው። «ልብ ፍቱሕ» አሉ እትዬ፣ ጣታቸውን እያወጡ። «ቤት ፍቱሕ። ይኼማ የእኛ ቃል ነው! አፉ ነው እንጂ የተጣመመው።»

ጁዲት በጣም ቀስ ብላ «ልብ ፍቱሕ» አለች። ከዚያ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ወደ ላይ እየጠቆሙ «ሰማይ»፣ «ሻማይም»። ጭንቅላታቸውን ይዘው «ራስ»፣ «ሮሽ»። ድንቹን እኔ ጨረስኩት።

ለምን እንደዚያ እያስጮኸች እንደምትዘፍን እትዬ የጠየቋት ያን ዕለት ነው። ጁዲት ስታስረዳ፣ ያደገችበት ምኩራብ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ወደ ፊት፣ ወጣቶቹ ከናካቴው ወደ ውጭ ነበሩ አለች። የድሮውን ጸሎት በኤሌክትሪክ ጊታር ስትሞክረው ሽማግሌዎቹ ሊቃወሙ መጡ፣ ወጣቶቹ ሊሰሙ መጡ፤ በዚህም ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። «ዝግ ብለሽ ብትዘፍኝ የሚወድሽ ብቻ ነው የሚሰማሽ» አለች። እትዬ አስካለ ይኼ መልስ አልተዋጠላቸውም። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ እንጨቱን የሚያነሱት ለዚያ ለአንዱ ዘፈን ብቻ ሆነ። ወንበርም አስጠግተው፣ ተቀምጠው።

ታኅሣሥ ገባ። ጁዲትና ጓደኞቿ ሐኑካ በሚባለው የመብራት በዓላቸው ሰሞን፣ እሑድ ቀን፣ አዳራሹ ውስጥ ኮንሰርት ሊያደርጉ ተዘጋጁ። ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ ሐጂ ኑሩ አዳራሹ በር ላይ ቆመዋል። እጃቸው ላይ ባልዲና ብሩሽ አለ። ከጀርባቸው፣ በሩ ላይ፣ ጥቁር ቀለም አየሁ። ላነብ ስሞክር ኮታቸውን ገልጠው ሸፈኑብኝ።

«ምንድን ነው ሐጂ?»

«የሰነፍ ጽሑፍ ነው ልጄ። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ትምህርት ቤት ደርሼ ለአስተማሪዬ አንድ ሰነፍ ተማሪ ቤታችን በር ላይ በመጥፎ ፊደል ጽፏል ብዬ ነገርኳት። የተጻፈው አይሁዶችን ከዚህ ውጡ የሚል፣ ከዚያም የከፋ ስድብ እንደሆነ የሰማሁት ከእናቴ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለእትዬ ስትነግራቸው። እትዬ አስካለ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ግቢውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

በማግሥቱ ምሽት ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ሺፍት ላይ ስለነበረች እኔና እትዬ ሄድን። አዳራሹ ገና ቤንዚንና ሳሙና ይሸታል። ፓትሪሺያ ደግ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ፈርታ ነበር። ለሁላችንም ደኅንነት፣ ለጁዲትም ጭምር፣ ልምምዱም ኮንሰርቱም ከዚህ ቢዛወር ይሻላል አለች። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጁዲት ከኋላ ወንበር ተነሳች። ሐዘኗን ውጣ፣ ባተርሲ ውስጥ ሌላ ቦታ እንደጠየቀች፣ በእሷ ምክንያት ጎረቤት እንዲፈራ እንደማትፈልግ ተናገረች።

ፓትሪሺያ እፎይ አለች። «ከዚያም በላይ፣ የድምፁ ጉዳይ አለ። ሚስስ አስካለ ለወራት ኮምፕሌይን ሲያደርጉ ነበር።»

እትዬ አስካለ ስማቸውን ሰሙ። «ምን አለች?»

ነገርኳቸው። ተነሱ። ትከሻዬን ይዘው አስነሱኝ። «እያንዳንዷን ቃል» አሉኝ።

«አዎ፣ ኮምፕሌይን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስለ ድምፁ ነው ያደረግኩት፤ ስለ ሰዎቹ አይደለም። ድምፅ ይቀነሳል። ሰው አይቀነስም።»

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ።

«ጎንደር ቤተ እስራኤል ጎረቤቶች ነበሩን። ሸክላ ይሠራሉ፣ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ድስታቸውን እንገዛለን፤ ቤታቸው ግን ገብተን አንቀመጥም። ቡዳ ናቸው ይባል ነበር።»

ቡዳን በእንግሊዝኛ አላውቀውም። «ዓይናቸው መጥፎ ነው ይባል ነበር» ብዬ ተረጎምኩ። ፓትሪሺያ በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች፤ የዓይን ሕመም መስሏት ይሆናል።

«ወርቄ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ምንጭ እንወርድ ነበር አብረን። አንድ ማለዳ ስነሳ ቤታቸው ባዶ ነው። ሁሉም ወደ እስራኤል ሄደዋል። ለእነሱ ደስታቸው ነው፤ የናፈቁት አገር ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ውጡ ያላቸው የለም። ቅሩ ያላቸውም የለም። ያን ያህል ዘመን አብረን ኖረን፣ አንድ ሰው እንኳን ቅሩ አላላቸውም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የዚህ አዳራሽ ጣሪያ የእኔ ወለል ነው። ከእኔ በላይ የሚረበሽ ሰው የለም። እኔ ቅሩ እላለሁ።»

ተርጉሜ ስጨርስ ሐጂ ኑሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«በዚህ በር ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስገባለሁ» አሉ። «ማን ይግባ ማን ይውጣ እያልን መምረጥ ከጀመርን፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዘው።»

እጅ ይውጣ ተባለ። መጀመሪያ የእትዬ አስካለና የሐጂ ብቻ ነበር። ከዚያ ከወዲህም ከወዲያም ብቅ ብቅ አለ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር፣ በልምምድ ቀን ከመስኮቱ ሆኖ የሚሳደብ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ እሱም እየተነጫነጨ አወጣ። ፓትሪሺያ እጆቹን አየች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ የራሷንም ጨመረች።

ቀሪዎቹን ቀናት ከትምህርት ቤት መልስ የእያንዳንዱን ቤት በር ሳንኳኳ ቆየሁ። «እሑድ ኮንሰርት አለ፣ ይመጣሉ?» አንዳንዱ በሩን ሳይከፍት «አልመጣም» ይላል። አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ከመስከረም ጀምሮ እየሰማሁት ነው» አለችኝ። እምቢ ያለኝ ቤት በማግሥቱ ደግሜ እሄዳለሁ። የወፍራሙን ሰውዬ በር ሦስት ቀን ነው ያንኳኳሁት። በሦስተኛው «ብመጣ ትተዪኛለሽ?» አለ። «እተውዎታለሁ» አልኩት።

እሑድ፣ ገና በአሥር ሰዓት ጨልሞ፣ አዳራሹ ሞላ። ሞላ ማለት ግን ተቀላቀለ ማለት አይደለም። የጁዲት ምኩራብ ሰዎች በግራ፣ የሐጂ ሱቅ ደንበኞችና ልጆቻቸው በቀኝ፣ ነጠላ የለበሱት የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ከበሩ አጠገብ፣ የሕንፃው እንግሊዞች ኮታቸውን ሳያወልቁ ከኋላ። በመሐላቸው ባዶ ወንበር። መድረኩ ዳር ባለው መቅረዝ ላይ ሻማዎች ተደርድረው በርተዋል። እኔም በዚያን ጊዜ ሻማ አልፈራም።

ጁዲት ጀመረች። አምፕሊፋየሩ ሞቀና ያ ሽታ ወጣ። ፊት ለፊት ሲሰሙት ከወለል በታች እንደሚሰማው አልነበረም፤ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። አንድ ሁለት እናቶች ጆሯቸውን ያዙ። ሰው ያጨበጭባል፤ በጨዋ ደንብ፣ እየተያየ። ያ ዘፈን መጣ። አዝማቹ ላይ ሊደርስ ሲል፣ በብርዱ ምክንያት ያበሩት ሂተር ሁሉ ከአምፕሊፋየሮቹ ጋር ተደምሮ ለአሮጌው መስመር ከበደው። ጧ አለ። ጨለማ ሆነ። ጊታሩ ሞተ።

ፓትሪሺያ ፊውዙን ፍለጋ ስትሮጥ ሰማናት። ከኋላ ወንበር መጎተት ተጀመረ። አንዱ «በቃ እንግዲህ» አለ። ጁዲት በሻማው ብርሃን ቆማ ነበር፤ ጣቶቿ ክሩ ላይ ናቸው፤ የምታደርገው ጠፍቶባታል።

አጠገቤ እትዬ አስካለ ጎንበስ አሉ። ከፊታቸው ያለውን ባዶ የእንጨት ወንበር በመዳፋቸው መምታት ጀመሩ። አልፈጠኑም፣ አልዘገዩም። የድራሟ ልጅ ወዲያው አወቀችው፤ በእግሯ ተከተለቻቸው። ሐጂ ኑሩ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ እንደ ወሎ መንዙማ፣ ከወገባቸው እየተወዛወዙ። ጁዲት ያለ ማይክ ከፍ አድርጋ ዘፈነች፤ አዝማቹ ላይም ስትደርስ ብቻዋን አልነበረችም።

የሕንፃው ሰዎች ተቀበሏት። ለልምምዱ አንድ ቀን እንኳን ገብተው የማያውቁት። በሩን ያልከፈቱልኝ። ለአራት ወር ያህል ማክሰኞና ሐሙስ በቧንቧው፣ በግድግዳው፣ በወለሉ ሲገባባቸው፣ ሲራገሙት፣ ቴሌቪዥናቸውን ከፍ ሲያደርጉበት፣ ሳያውቁት በቃላቸው ይዘውታል። «ሌቭ ፓቱአኽ፣ ባይት ፓቱአኽ»። ወፍራሙ ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛውን ስንኝ ሁሉ ያውቀዋል። የቁርዓን ተማሪዎቹ ከእኔ ጋር ይጮኻሉ። የምኩራቡ ሰዎች ዘወር ዘወር እያሉ ያያሉ፤ እነዚህ ደግሞ ከየት ተማሩት? ጁዲት ከመገረሟ የተነሳ ራሷ ዘፈኑን አቋረጠች። ዘፈኑ ግን አልተቋረጠም። ከነጠላዎቹ መሐል አንዷ እልል ስትል፣ ሉል ያንጠለጠለች አንዲት የምኩራቡ አሮጊት ከደስታዋ ብዛት ብድግ ብላ እጇን ያዘቻት።

መብራቱ ሲመጣ እናቴን በሩ ላይ አየኋት፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ እያለቀሰች ትዘፍናለች። ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተጠግቶ ቆሞ ነበር። የትኛው ወገን የት ተቀምጦ እንደነበር መለየት አይቻልም።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ጥር ላይ ግን በሩ እንደገና ተጻፈበት። ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ያን ጊዜ ማንም አልሸፈነብኝም፤ አነበብኩት። ትምህርት እንዳለቀ ጁዲት አሁን ትሄዳለች ብዬ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

በሩ ጋ ሰው ተሰብስቧል። ስብሰባ የጠራ የለም። ወፍራሙ ሰውዬ መሰላል ላይ ወጥቶ የበሩን የላይኛውን ክፍል ሰማያዊ እየቀባ ነው፤ ሐጂ ኑሩ ሱቃቸውን ዘግተው ከታች ይቀባሉ፤ ፓትሪሺያ ባልዲ ይዛለች፤ ያቺ «ከመስከረም ጀምሮ እየሰማሁት ነው» ያለችኝ፣ ደጅ ወጥታ የማታውቀው አሮጊት ደግሞ ወንበር አስወጥታ ትመራቸዋለች። ጁዲት በግቢው በኩል መጣች። ጊታሯ በጀርባዋ፣ የራሷ ብሩሽ በእጇ። አየቻቸውና ቆመች።

«እንዳትነኪው» አላት ወፍራሙ ሰውዬ ዞር ሳይል። «እርጥብ ነው።»

እርጥብ በር ደግሞ አይከፈትም። ሳም ትንሿን አምፕሊፋየር አቅፎ፣ ባለ ድራሟ ልጅ ዱላዎቿን ይዛ ብርዱ ላይ ቆሙ። ሳም «ዛሬ ይቅርብን» አለ።

«አይቀርም» አለች ጁዲት።

ከላይ መስኮታችን ተከፈተ። እትዬ አስካለ ናቸው። «ቲጂ! ምን ሆነው ነው የቆሙት?»

ወደ ላይ ጮኼ አስረዳኋቸው። ጠፉ። ሲመለሱ የእናቴን ወፍራም ካፖርት ለብሰው ነበር። ለአምፕሊፋየሯ ሶኬት እንዲገኝ ሂተሩን ነቅለውታል። እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው ዘረጉ።

«ገመዱን ወዲህ ወርውር በይው!»

ሳም ወረወረ፣ ሳተ፤ ደግሞ ወረወረ፣ ያዙት። ወደ ውስጥ ጎተቱት። ትንሽ ቆይቶ ግቢው መሐል፣ አስፋልቱ ላይ፣ የአምፕሊፋየሯ ቀይ መብራት በራች። ባለ ድራሟ ልጅ ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ጁዲት ቀና ብላ መስኮቱን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ከየትኛው እንጀምር ብለሽ ጠይቂያቸው» አለችኝ።

ጠየቅኋቸው። እትዬ አስካለ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አደላድለው ትንሽ አሰቡ።

«ጮክ ከሚለው» አሉ።